የጎንደር ፎቶ ኮፒ ቤቶች ለቤተሰብ ታሪክ ሥራ፦ ምን ይሰጣቸው፣ ምን ይከልከሉ

ፒያሳም ሆነ የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ዙሪያ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች እንጀራቸው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመታወቂያ ኮፒና ማመልከቻ ነው። የዘር ቆጠራ፣ የአያት ጉርድ ፎቶና የርስት ክርክር ወረቀት ይዞ የሚመጣ ደንበኛ እምብዛም አያጋጥማቸውም። መሣሪያው አላቸው፣ እጃቸውም ፈጣን ነው። ችግሩ፣ ካልተነገራቸው ሁሉንም እንደ መታወቂያ ኮፒ ይሠሩታል።

ከስካን እንጀምር። ማሽኑ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥቁርና ነጭ ላይ፣ ጥራቱም ዝቅ ተደርጎ ነው። በዚያ ሲነሣ ሐምራዊው ማኅተም ይደበዝዛል፣ በእርሳስ የተጻፈው ይጠፋል፣ ወረቀቱ የታጠፈበት መስመር ደግሞ ጠቁሮ ፊደሉን ይቆርጠዋል። ለጽሑፍ «በከለር፣ 300 ዲፒአይ» በሉ (ዲፒአይ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚነሣ የሚናገር የጥራት ልክ ነው)፤ አንድ የኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ለፎቶ ከ600 አትውረዱ። 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነው ጉርድ ፎቶ ግን ለብቻው ይታይ፦ በ300 ቢነሣ 354 በ472 ነጥብ ብቻ ስለሚኖረው ወደ 10 በ15 ሲያድግ ፊቱ ይፈርሳል። በ1200 ሲነሣ 1417 በ1890 ይሆናል፤ ይህ ለ10 በ15 እትም ይበቃል። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ካለ እሱም ይነሣ። ብዙ ጊዜ ስምና ዓመት ያለው እዚያ ነው።

ከላይ ወረቀት እየጎተተ የሚያስገባውን ክፍል ለአሮጌ ወረቀት እንዳይጠቀሙበት አስቀድማችሁ ተናገሩ። የታጠፈ ጠርዝ ካገኘ ይቀደዋል። ስፒሉ ይነቀል፣ ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ተነጥፎ አንድ በአንድ ይነሣ። ፋይሉ ገጽ በገጽ በጄፔግ፣ በከፍተኛው ጥራት ይሁን፤ ለዋና ዋናዎቹ ምስሉን ጥራቱ ሳይቀንስ የሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ ቲፍ ይሻላል፣ ግን ሳይጨመቅ አንዱ የከለር ኤ4 ገጽ ወደ 26 ሜጋባይት ይይዛል። ሁሉን በአንድ ፒዲኤፍ ጠቅልለው ቢሰጧችሁ ለማንበብ ይመቻል፤ ለማስቀመጥ ግን ምስሉ በውስጡ ተጨምቆ ሊሆን ይችላል።

«በቴሌግራም ልላክላችሁ?» ይላሉ። ይሁን፣ ግን እንደ ፋይል። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ጨምቆ ያሳንሰዋል፣ የተከፈለበት 600 ዲፒአይም ከንቱ ይሆናል። ፍላሽ ከያዛችሁ ባዶውን ያዙ። የሱቁ ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ሲሰካበት ይውላል፤ ፎልደሩን ደብቆ ሾርትከት ብቻ የሚያሳየው ቫይረስ ከዚያ ነው የሚመጣው። ከመውጣታችሁ በፊት ጥቂት ፋይሎች ከፍታችሁ ፊደሉን አጉልታችሁ እዩ፣ ቅጂውንም ከዴስክቶፑ አስጠፉ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ላሚኔሽን ቢያቀርቡላችሁ አይሆንም በሉ። ፕላስቲኩ የሚጣበቀው በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ስለሆነ ፎቶው አንዴ ከገባ አይወጣም። ጠርዙ ሲከፈት እርጥበት ይገባል፣ መላጥ ከተሞከረ ደግሞ የምስሉ ሽፋን ከሙጫው ጋር ይነሣል። ብራና ወይም ክታብ ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ቆዳ ስለሆነ በሙቀት ይኮማተራል። እሱን በስካነር ክዳን መጫንም አያስፈልግም፤ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት፣ ከላይ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ ያለባችሁ የማስተየቡ ሥራ ላይ ነው። ጸሐፊው በቆዩት የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ከጻፈ፣ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው የላቲን ፊደል ነው፤ ግዕዝ የሚመስለው ፎንቱ ስላለ ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የአያቶች ስም ሁሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ መስመር ኮፒ አድርጎ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው፤ ማለትም ፊደሉ ራሱ እንደ ግዕዝ ፊደል ተቀምጧል። ካልሆነ ሳትከፍሉ በዩኒኮድ ፎንቶቹ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ እንደ አዲስ ይጻፍ።

ጸሐፊው የማያውቅላችሁ ነገርም አለ፤ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸው፤ አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ በሰነዱ ሁሉ አጽኑ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን በቅንፍ አስቀምጡ። የቤተ ክርስቲያን ወረቀት የክርስትና ስም ሲይዝ የፍርድ ቤቱ የዓለም ስም ይይዛል፤ ሁለቱ ስሞች አንድ መለያ ቁጥር ካልተሰጣቸው ሰውየው ሁለት ጊዜ ይወለዳል። የርስት ቆጠራ በአባትም በእናትም ይሄድ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ለመሬት ሲባል መቁጠር ቀረ፣ በስም ሰንሰለታችን ውስጥ ስለማትታይም ቶሎ የምትረሳው እናት ናት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የእናት ስም የሚሞላበት ቦታ ይኑር፣ ባዶም ቢሆን።

ዓመት ላይ ሁልጊዜ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ጻፉ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው፤ ስካነሩ በራሱ የሚጽፈው ቀን የፈረንጅ መሆኑም አይዘንጋ። ሽማግሌዎች «በዘመነ ሉቃስ ተወለደ» ካሉ፣ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፦ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። የተጠረጠሩትን አራት ዓመታት ወደ አንዱ ያጠባል።

ኅትመትና ጥራዝ ላይ ጎንደር አትታማም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ አስተምሯቸዋል። በሌዘር ይታተም፤ በፈሳሽ ቀለም የሚያትመው የክረምት እርጥበት ሲነካው ሊፈስ ይችላል። ጠንካራ ሽፋን ያለው ጥራዝ ከስፓይራል ይሻላል፣ ምክንያቱም ገጹ ቀዳዳው ላይ ይቀደዳል። ዋናውን ወረቀት የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ አታስገቡ፣ ከፎቶው ጋር ይጣበቃል። የፎቶ ስም በለስላሳ እርሳስ ጀርባው ላይ ይጻፍ። ፍላሽ ሳይሰካ ለዓመታት ከተቀመጠ መረጃውን ሊያጣ ስለሚችል፣ ሁለተኛው ቅጂ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።

ዋጋ በገጽ ስለሆነ ከለር ስካኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የምረቃ ሰሞን አትሂዱ፤ ማራኪ አካባቢ ወረፋው ረጅም ነው፣ በጥድፊያ ደግሞ ሁሉም ነገር ወደ ጥቁርና ነጭ ይመለሳል።