«ስኳር ይግባ?» የሚሉበት ጁስ ቤት

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት ጁስ ቤቶች አንዷን ላመስግን። ትንሽ ናት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቆሞ መጠጣት አለ። ግን ገና ስታዝዙ ልጅቷ «ስኳር ይግባ?» ብላ ትጠይቃለች። ሌላ ቦታ ማን ይጠይቃል? በቀደም እዚያው ሰፈር ሌላ ቤት ያዘዝኩት ስፕሪስ ስኳሩ ታች ተጋግሮ ነበር፣ ስናገር «ፍራፍሬ እኮ ነው፣ ለጤና ነው» አሉኝ።

እዚህ አቦካዶው ወፍራም ነው፣ ማንጎው የበሰለ፣ ሎሚውን ዓይናችሁ እያየ ይጨምቁበታል። ውሃ አያበዙም።

የስኳሩን ነገር አጥብቄ የያዝኩት በአባቴ ምክንያት ነው። ለልቤ ብሎ ቅቤ ከተወ ስንት ዓመቱ! የበዓል ዶሮ እንኳ ለብቻው በዘይት ይሠራለታል። ሻዩን ግን ያለ ሦስት ማንኪያ ስኳር አይጠጣም። የተነገረው ስብን ፍራ ተብሎ ብቻ ነዋ።

ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ ሳነብ በጣም ነው የተናደድኩት። አሜሪካ ውስጥ የስኳር ኢንዱስትሪው ያቋቋመው ስኳር ሪሰርች ፋውንዴሽን ለሃርቫርድ ተመራማሪዎች 6,500 ዶላር ገደማ ከፍሎ የምርምር ግምገማ አጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1967 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ወጣ። የልብ በሽታን ጥፋት ስብና ኮሌስትሮል ላይ ጥሎ የስኳርን አቃለለው፣ ማን እንደከፈለበት ግን አንድም ቃል አልተጻፈም። ሰነዶቹ ታትመው ጉዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ማርክ ሄግስቴድ ደግሞ በ1970ዎቹ የአሜሪካ የአመጋገብ ግቦች ሲረቀቁ እጁ ነበረበት። ቅቤ አይጎዳም እያልኩ አይደለም፣ የቅቤ ስብ ሲበዛ ለልብ ጥሩ አይደለም። ግን ሰው ግማሹን ብቻ ሰምቶ እንዴት ይወስን?

ቤቷ አንድ ጉድለት አላት። ግድግዳው ላይ «የተፈጥሮ ስኳር አይጎዳም» የሚል ፖስተር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የጁስን ስኳር ከተጨመረው ስኳር ጋር ነው የሚቆጥረው፤ ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 በታች ይሁን ይላል። ባለቤቱን «ጋሼ፣ ይሄን ማን ለጠፈው?» አልኳቸው። «ሽሮፕ የሚያመጣልን ልጅ ነው የሰጠኝ፣ አንብቤውም አላውቅ» አሉኝ። ቀና ብለው አነበቡት፣ ምንም አላሉም።

ትናንት ስሄድ ፖስተሩ እዚያው ነበር። ስፕሪሱን ያለ ስኳርም ያለ ሽሮፕም እዘዙ፣ በትንሹ ብርጭቆ።