«ከቅጠል ብቻ የተቀመመ» እየተባለ የሚሸጠውን የትኋን ዱቄት እንዳትገዙ

ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫ፣ ቡሬና አካባቢው ያላችሁ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በገበያ ቀን ባጃጅ ላይ በድምፅ ማጉያ እየተለፈፈ፣ በሰማያዊ ፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጥ «የተፈጥሮ የትኋንና የቁንጫ ማጥፊያ» የሚባል ዱቄት አለ። እኔ ገዝቼው የሦስት ዓመት ልጄን ላጣ ነበር። ሻጩ ከእኛ ገበያ ከጠፋ ሰነበተ፤ ሰሞኑን ግን ደምበጫ በኩል ታየ ሲሉ ስለሰማሁ ነው የምጽፈው።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ትኋኑ አላስተኛ አለን። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል፤ ጠዋት አንገቱና ክንዱ ላይ በመስመር የተደረደረ ንክሻ አያለሁ። ገበያ ስወርድ ሰውየው «እናቶች! ኬሚካል የለበትም! ከባሕር ዛፍ፣ ከጥንጁትና ከኒም ቅጠል ብቻ የተቀመመ፣ ሕፃን ቢነካው ቢቀምሰው የማይጎዳ!» እያለ ይጣራል። አንዱ ቋጠሮ 150 ብር። እኔ ኬሚካል ቤቴ እንዲገባ የማልወድ ሰው ስለሆንኩ «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል ልቤን አሸነፈው። ሁለት ገዛሁ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም፤ ማን እንደሠራው፣ ውስጡ ምን እንዳለም አልጠየቅሁም።

ማታ ፍራሹን ገልብጬ አልጋው ቋሚና ርብራቡ ላይ ነሰነስኩት። «አይጎዳም» ተብዬ የለ፣ ከአንሶላው ሥርም ጨመርኩበት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልጁ ሲያቃስት ነቃሁ። ለሀጩ ትራሱን አርሶታል፣ ልብሱ በላብ ተነክሯል፣ ያስመልሰዋል። በስልኬ መብራት ፊቱን ሳየው የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል። ክንዱ ላይ ሥጋው ከቆዳው ሥር እየዘለለ ይንቀጠቀጣል። ያንን እስካሁን ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ።

ታቅፈነው ሐኪም ቤት ስንደርስ ተረኛዋ ነርስ ዓይኑን እንዳየች «እህቴ፣ ቤት ውስጥ ምን ነስንሳችኋል?» አለችኝ። ወዲያው ልብሱን አስወልቃ ገላውን በሳሙናና በውሃ አሳጠበችን። አትሮፒን የሚባል መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠው፣ ኦክስጅን ተደረገለት። ሐኪሙ በኋላ ሲያስረዳኝ ምልክቶቹ ኦርጋኖፎስፌት በሚባለው የፀረ ተባይ ዓይነት ሲመረዙ የሚታዩ ናቸው፤ ለእህል ነቀዝ የሚነሰነሰው ማላታይንም ከዚሁ ወገን ነው። መርዙ ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢ ያስተላለፈው ትእዛዝ እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ስለዚህ ለሀጩም ላቡም እንባውም ማቆሚያ ያጣል፤ ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል፤ መተንፈሻ ጡንቻው ይደክማል። ተባዩን የሚገድለውም በዚሁ መንገድ ነው። ልጄ ሁለት ቀን ተኝቶ ዳነልኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቤት እንደተመለስኩ ያልተፈታውን ሁለተኛ ቋጠሮ ጓሮ አውጥቼ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ በእንጨት እየገለጥኩ አየሁት። ከላይ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስባሪ አለ፤ ስንገዛው የሚሸተን እሱ ነው። ከሥሩ ያለው ግን አመድማ ነጭ፣ ከዱቄት የላመ ሌላ ነገር ነው። ቅጠሉ ገለል ሲል ነጭ ሽንኩርትና ጋዝ የተቀላቀለ የመሰለ ሽታ ይወጣል። ቅጠል የቱንም ያህል ቢወቀጥ ነጭ አይሆንም፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው የሚሆነው። እኔ ጥንጁት ሲወቀጥ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ገበያ ላይ ቋጠሮውን ፈትቼ አንዴ ባየው ኖሮ አልገዛውም ነበር፤ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ትኋኑ እንኳ አልጠፋም። በአሥራ አምስት ቀኑ ተመልሶ መጣ። ትኋን እንቁላሉን እንጨት ስንጥቅ ውስጥ አጣብቆ ይጥላል፤ እንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይፈለፈላል፤ ከላይ የተነሰነሰ ዱቄት እዚያ አይደርስም። ስለዚህ «በአንድ ሌሊት ድራሹን ያጠፋል» የሚላችሁ ሰው፣ የሚሸጠው ምንም ይሁን ምን፣ እየዋሻችሁ ነው።

ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ በአገራችን ክልክል ነው፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ከልክሎታል። በትክክል የሚሸጥ መድኃኒት በፋብሪካ ማሸጊያው ነው የሚመጣው፤ ውስጡ ያለው ነገር ስምና መጠን፣ የአምራቹ ስም፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ሰው ቢመረዝ ምን እንደሚደረግ ተጽፎበታል። ፌስታል ላይ ይህ ሁሉ የለም። ሐኪም ቤት ስትደርሱ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ነበር?» ነው፤ ስም የሌለው ነገር ስትገዙ መልሱን አብራችሁ ታጣላችሁ። «የተፈጥሮ ነው» ማለትም በራሱ ዋስትና አይሆንም። ትንባሆም ቅጠል ነው፤ ውስጡ ያለው ኒኮቲን ግን ሰው ይገድላል።

ከዱቄቱ የባሰም አለ። ለነቀዝ ጎተራ ውስጥ የሚገባውን ክኒን ለትኋን ብለው ፍራሽ ሥር የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። በእናታችሁ፣ ይህን አታድርጉ! ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ጋዙ በበርና በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ ጎረቤት ክፍል ይገባል፤ ማርከሻ የለውም፤ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ሊያልቅ ይችላል። ክኒኑ ያለበት እህል እንኳ ሰው ከሚተኛበት ቤት መራቅ አለበት።

ሶኬት ላይ ተሰክቶ በማይሰማ ድምፅ በረሮና አይጥ ያባርራል የሚባለው ዕቃ አይመርዝም፣ ገንዘባችሁን ግን ይበላል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ገና በ2001 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ60 በላይ ለሚሆኑ አምራቾችና ሻጮች «የምትሉትን በማስረጃ አሳዩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎላቸው ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ እኛ ቤት የሠራው እማየ ስታደርገው የኖረችው ነው። አልጋውን ፈትተን ወደ ውጭ አወጣነው። የፈላ ውሃ በእያንዳንዱ ስንጥቅና መገጣጠሚያ ቀስ ብለን አፈሰስን፤ ትኋንም እንቁላሉም የፈላ ውሃ አይችልም። አንሶላና ልብሱን ቀቀልነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም፤ እኛ ስናሰጣ ትኋኑ ወደ ፍራሹ ስፌት ገብቶ ይደበቃል። ግድግዳውን በጭቃ ደፈንነው። አልጋውን ከግድግዳ አርቀን፣ አራቱን እግር የሳሙና ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አቆምነው፤ ብርድ ልብሱ መሬት እንዳይነካም እንጠነቀቃለን። ይህንን በየሳምንቱ ለስድስት ሳምንት ደጋገምነው፤ አዲስ የሚፈለፈለውን የምትይዙት በመደጋገሙ ነው። አድካሚ ነው፤ ግን ከማገዶው በቀር ወጪ የለውም።

ቁንጫ ሌላ ነው። የቁንጫው እጮች የሚያድጉት ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ባለው አቧራ ነው። ውሃ ረጭቶ በደንብ መጥረግ፣ ስንጥቁን በእበት ለቅልቆ መድፈን፣ ውሻና ፍየሉን ከመኝታ ማራቅ ነው የሚፈታው። ለነቀዝም ሴት አያቶቻችን በቆሎውን ከጤፍ ጋር ደባልቀው ያስቀምጡ ነበር፤ ጤፉ በፍሬው መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል። አሁን ደግሞ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አለ፤ እህሉ በደንብ ደርቆ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል።

ጥንጁት ማጠኑን አትተዉ፤ ጭሱ ትንኝና ዝንብ ያርቃል። ግን ያርቃል እንጂ አይገድልም፤ ስንጥቅ ውስጥ ያለ ትኋንን ምንም አያደርገውም። ልጆችን አስወጥታችሁ አጥኑ፣ ከዚያ በር ከፍታችሁ አናፍሱ፤ ከሰሉን ዝግ ቤት ውስጥ አታሳድሩት። በአብዛኛው ከ2000 ሜትር በታች ያለ አገር ወባ አለበት፣ በእኛም አካባቢ ወባ አለ፤ ስለዚህ ጭሱ አጎበርን አይተካም።

ዱቄቱን የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ከመኝታ ቤት አውጡት። በጓንት ወይም እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ ድርብ አድርጋችሁ ቋጥሩት። አታቃጥሉት፣ ወንዝ ውስጥ አትጣሉት፣ ቀፎ አጠገብም አትድፉት፤ ንብ ይፈጃል። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስረክቡት፤ እኔም የቀረኝን እዚያው ነው የወሰድኩት። የተነካ ሰው ካለ ልብሱን አውልቃችሁ በሳሙና እጠቡት፤ አታስመልሱት፣ ወተትም ዘይትም አትስጡት፤ ከቋጠሮው ጋር በፍጥነት ወደ ሐኪም ውሰዱት። ደምበጫ ገበያ ሰውየውን ያያችሁ ደግሞ አጠገባችሁ ላሉ እናቶች ንገሩልኝ፤ ለንግድ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስም አሳውቁ።