ኤኤሲአር2 ወይስ አርዲኤ?

አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መዝጋቢ ነኝ፤ ኤኤሲአር2 እና አርዲኤ በሚባሉት ሁለቱም የመጽሐፍ አመዘጋገብ ደንቦች ሠርቻለሁ። ኤኤሲአር2 የወጣው በ1978፣ ተተኪው አርዲኤ ደግሞ በ2010 ነው (በፈረንጆች አቆጣጠር)።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ደራሲ ሲበዛ ነው። አምስት ሰዎች የጻፉት የጤና መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። በአሮጌው ደንብ ደራሲዎቹ ከሦስት ካለፉ የመጀመሪያው ስም ብቻ ይጻፍና የተቀሩት «እና ሌሎች» ውስጥ ይገባሉ፤ ዋናው መግቢያም (መዝገቡ የሚጀምርበት መፈለጊያ) ርእሱ ይሆናል። አራተኛዋን ደራሲ በስሟ የሚፈልግ አንባቢ ባዶ እጁን ይመለሳል። አርዲኤ አምስቱንም ልዘርዝር ብል አይከለክለኝም። ለዚህ ብቻ እንኳ እመርጠዋለሁ።

ከፒያሳ የተገዛ፣ የፊት ገጹ የተገነጠለ አሮጌ መጽሐፍ ሲመጣስ? የታተመበት ቦታ ካልታወቀ ኤኤሲአር2 የላቲን ምህጻረ ቃል ያስጽፋል፤ ተማሪዎቹ «ይሄ የማን ከተማ ነው?» ይሉኛል። አርዲኤ «አልታወቀም» ብሎ በግልጽ ያስቀምጠዋል።

በእኛ በኢትዮጵያውያን ስም ግን ሁለቱ ደንቦች አይጣሉም፤ የቤተሰብ ስም ስለሌለን መግቢያው የራስ ስም ነው፣ አባት አይቀድምም።

የአርዲኤ ችግሩ ኪስ ነው። ደንቡ የሚነበብበት የኢንተርኔት መሣሪያ በደንበኝነት ይከፈልበታል፤ የድሮው ጥራዝ ግን መደርደሪያችን ላይ አለ፣ መብራት ቢጠፋም ይነበባል።