ሆንዳ ሲጂ 125ን ለ8 ወራት ከነዳሁት በኋላ

ያገለገለ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል ከገዛሁ 8 ወር የሞላኝ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ 5,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼዋለሁ። ስገዛው ለመመላለሻ ይሆነኛል ከማለት ያለፈ ሐሳብ አልነበረኝም፤ አሁን ግን የምሄድበት ጉዳይ ሳይኖረኝ እንኳ አስነሥቼው የምወጣበት ቀን በዝቷል።

ሞዴሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ላይ የዋለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ነው። መሐንዲሶቹ ሲነድፉት ያሰቡት ከልክ በላይ የሚጭነውን፣ ዘይት መቀየር የሚዘነጋውንና አቧራማ መንገድ የማይለየውን ባለቤት ነበር። ስለዚህም ከቫልቮቹ (ነዳጅና አየር ከሚያስገቡትና ጭስ ከሚያስወጡት የሞተሩ በሮች) በላይ ተቀምጦ በሰንሰለት እየዞረ የሚከፍታቸውን ካም ሻፍት ትተው፣ ካሙን ወደ ታች በማውረድ ቫልቮቹን በዘንግ የሚገፋውን የቆየ አሠራር መረጡ። 124 ሲሲ ያለው ይህ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር እየላላ የሚንኳኳ የካም ሰንሰለት የለውም ማለት ነው። ወደ ኋላ መመለስ የሚመስለውን ይህን ውሳኔ እኔ ከብልህነት እቆጥረዋለሁ።

የእኔው በእግር ተረግጦ ብቻ የሚነሣ ነው። ጠዋት ሲበርድ ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚያበዛውን ቾክ ስቤ ሁለት ሦስት ጊዜ እረግጠዋለሁ፤ ከሞቀ በኋላ አንዴ ይበቃዋል። ሚኒሞው (ቆሞ ሳለ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) እስኪረጋ ቆሜ ማዳመጥ ልማድ ሆኖብኝ፣ በአራተኛው ወር ገደማ ከወትሮው የጎላ ጠቅጠቅታ ሰማሁ። በቫልቩና በሚገፋው ክፍል መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ነው ብዬ ጠረጠርኩና፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሁለቱንም ቫልቮች በስስ የብረት መለኪያ ወደ 0.08 ሚሊ ሜትር አስተካከልኳቸው። ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ነበር። በማግስቱ ጠቅጠቅታው ጠፍቶ ስሰማ የተሰማኝን ኩራት፣ ቀድሞ የነበረኝ ዘመናዊ ሞተር ሳይክል አንድም ቀን ሰጥቶኝ አያውቅም፤ እርሱ የማስጠንቀቂያ መብራት ባበራ ቁጥር የእኔ ድርሻ ወደ ጋራዥ መውሰድ ብቻ ነበር።

መንገድ ላይ ያቆመኝ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ጥፋቱም የራሴ ነበር። ከቤት ወጥቼ ጥቂት መቶ ሜትሮች እንደ ሄድኩ ጠፋብኝ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቼ ከጠረግሁና ኬብሎቹን አንድ በአንድ ከነካካሁ በኋላ የነዳጅ መዝጊያውን ሳልከፍት መነሣቴን አየሁ፤ እስከዚያ ያደረሰኝ በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረችው ቤንዚን ነበረች።

በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ንዝረቱ እጅ ያደነዝዛል፤ ዳገት ላይ ትልቅ መኪና ለመቅደም የሚሞክር ሰው ደጋግሞ ማሰብ አለበት። የታምቡር ፍሬን ከዲስክ ፍሬን ጋር የሚወዳደር ባለመሆኑ፣ በተለይ ዝናብ ሲዘንብ ከፊቴ ካለው ተሽከርካሪ በጣም ርቄ መንዳት ተምሬያለሁ። ዕለት ተዕለት በፈጣን አውራ ጎዳና ረጅም መንገድ ለሚመላለስ ሰው ግዛ አልለውም። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ግን ማርሹ ለስላሳ፣ ክብደቱ ቀላል ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትርም 2.4 ሊትር ያህል ብቻ ይጠጣል።

የኋላ እግሩ ሰንሰለት ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ የተሸፈነ በመሆኑ ያጠበቅሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዘይት ሌላ የገዛሁለት አንድ የፍሪሲዮን ኬብልና አንድ ካንዴላ ሲሆን፣ አሮጌው ካንዴላ ተጠርጎ ለክፉ ቀን ከመቀመጫው ሥር ተቀምጧል።