ማርትሬዛ አጥርቶ ለማንሳት፦ ቲዩብ፣ ማክሮ ሌንስ ወይስ የስልክ ክሊፕ?

ጎንደር ውስጥ ካሜራ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። «የአያቴን ማርትሬዛ አንሳልኝ፤ ጽሑፉ ግን ይነበብ» ይባላል። ማርትሬዛ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ የብር ሳንቲም ነው። ከዚያ «ለሱ የሚሆን ዕቃ ምን ልግዛ?» ይከተላል። ፋሲል ግንብ አካባቢ የስጦታ ዕቃ የሚሸጡ ወዳጆቼ ጥምቀት ሲቃረብ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። ካሜራ ካላችሁ ገንዘባችሁን የብረት ኤክስቴንሽን ቲዩብ (በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ቀለበት) ላይ አውሉት፤ ያውም ኮንታክት፣ ማለትም ካሜራውንና ሌንሱን በኤሌክትሪክ የሚያገናኙ ነጥቦች፣ ያለው። ማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገር በቅርበት ለማንሳት የተሠራው) ይቆይ። ስልክ ላይ የሚቆነጠጠውን ክሊፕ ሌንስ ጭራሽ አትግዙ።

ከሁሉ በፊት ግን ምንም ሳትገዙ እጃችሁ ላይ ያለውን ሞክሩ። ከካኖን ተራ ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ጋር የሚመጣውን 18-55 ሌንስ ዙሙን 55 ላይ አድርጉና ፎከስ እስኪያቅተው ቅረቡ። ማርትሬዛ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። አንዳንዶቹ 18-55 ሌንሶች ይህን ያህል ዕቃ ፎቶውን ከላይ እስከ ታች ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያነሱታል። የምኒልክ አንድ ብርም መጠኑ ተመሳሳይ ስለሆነ እንደዚሁ ነው። ወጪው ዜሮ። ስንት ሰው ይህን ሳይሞክር ብሩን እንደሚያወጣ ሳይ አዝናለሁ።

ችግሩ ሳንቲሙ ሲያንስ ወይም ገዢው ዝርዝር ሲጠይቅ ይመጣል። ማርትሬዛ የትም ይመታ የት፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ተመትቷል፤ ዓመቱ አልተለወጠም። ስለዚህ የሚያውቅ ገዢ ዓመቱን ትቶ ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ፣ ከሥሯ ያሉትን ኤስ ኤፍ የሚሉ ፊደላት፣ የንስሩን የጭራ ላባ ያያል። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ያለውን የላቲን ጽሑፍም ይጠይቃል። እነዚህ ደብዝዘው ከታዩ ዋጋ አይጠራም።

ወደ ዕቃዎቹ እንምጣ። የምጠራው ዋጋ በዚህ ሰሞን ስጠይቅ የተነገረኝ ነው። የብር ምንዛሬ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የካሜራ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ልዩነቱን ያዙ።

የስልክ ክሊፕ ሌንስ 1,000 ብር ገደማ ይባላል። ርካሽ ይመስላል፤ ግን የሚሰጠው ነገር የለም። ሳንቲሙን በአንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ርቀት መጠጋት ስላለባችሁ የስልኩ ጥላ ብሩ ላይ ያርፋል። መሃሉ ጠርቶ ዳር ዳሩ ይንሸዋረራል። ጽሑፉ ያለው ደግሞ ዳሩ ላይ ነው! ስልኮች ላይ «ማክሮ» ተብላ የምትለጠፈው ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራም አትረባም። ስልክ ብቻ ካላችሁ ራቅ በሉና ዋናውን ካሜራ 2 እጥፍ ዙም አድርጋችሁ አንሱ፤ ከዚያ ዳሩን ቁረጡት። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ጨምቆ ያበላሸዋል። ይህ ሁሉ ነፃ ነው፤ ከክሊፑም ይሻላል።

ቲዩብ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቀለበት ነው። ውስጡ መስታወት የለም፤ ሌንሱን ከሴንሰሩ ስለሚያርቀው ብቻ ይበልጥ መጠጋት ይቻላል። የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካላችሁ 13፣ 21 እና 31 ሚሊ ሜትር የሆኑት ሦስቱ ቀለበቶች ይበቋችኋል። በ13ቱ ሙሉ ማርትሬዛ ይነሣል። በ21ዱ አሁን የምንገለገልበት ባለ አንድ ብር ሳንቲም ይሞላል። ሦስቱ ሲደረደሩ የትከሻው ጌጥ ዕንቁዎች ጎልተው ይታያሉ።

ዋጋውና ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮንታክት የሌለው ቲዩብ 1,500 ብር፣ ያለው 7,000 ብር ገደማ ነው። ሰው 5,500 ብሩን ሊያድን ርካሹን ያነሳል። ያ ቲዩብ ካሜራውና ሌንሱ እንዳይነጋገሩ ያደርጋል። ካኖን ላይ አፐርቸሩ (ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ወለል ብሎ ተከፍቶ ይቀራል። ያኔ የሚጠራው ጥልቀት በጣም ስስ ስለሚሆን የንግሥቲቱ ጉንጭ ጠርቶ ፊደሉ ጭጋግ ይሆናል። ብዙዎቹ የኒኮን ሌንሶች ላይ ደግሞ በተቃራኒው አፐርቸሩ ይዘጋና ጨለማ ይሆንባችኋል። ለሳንቲም የሚያስፈልገው ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 ነው (የኤፍ ቁጥር ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል)፤ ያን መምረጥ ካልቻላችሁ ቲዩቡ ምን ይሠራል?

ኮንታክት አለው ተብሎ የሚሸጠውም ሁሉ ደህና አይደለም። አንድ ወዳጄ ፊቱ ብረት የሚመስል፣ ውስጡ ፕላስቲክ የሆነ ቅጂ ገዛ። መጀመሪያ ካሜራው ኤረር 01 ማለት ጀመረ፤ ካኖን ይህን የሚለው ከሌንሱ ጋር መገናኘት ሲያቅተው ነው። ቆይቶ ብሎኖቹ ከፕላስቲኩ ተነቀሉና ቀለበቱ ካሜራው ላይ ተጣብቆ ሌንሱ ብቻውን ወደቀ። እዚህ የሚፈታው አልተገኘም፤ አዲስ አበባ ተላከ። የጥገናው ሒሳብ ሲመጣ ደህናውን ቲዩብ ገዝቶ የሚተርፍ ነበር።

ማክሮ ሌንስ ምርጡ ነው፤ አልክድም። ያገለገለ የካኖን 60 ሚሊ ሜትር ማክሮ 40,000 ብር አካባቢ ይጠራል። የቲዩቡ ስድስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። 100 ሚሊ ሜትሩ ከዚያም ይወደዳል። ጥቅሙ ከሳንቲሙ ራቅ ብላችሁ ማንሳታችሁ ነው፤ መብራት ማስገቢያ ቦታ ይተርፋል። እንደ አክሱም ዘመን ያሉ ትንንሽ ሳንቲሞችን ለጥናት ወይም ለቤተ መዘክር በየጊዜው የሚያነሳ ሰው ይግዛው። ማርትሬዛና ግርሽ ለሚያነሳ ግን ያ ገንዘብ በከንቱ ይቀመጣል። ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ የስልክ መብራት ከኋላው አብርታችሁ ውስጡን እዩ። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ክረምቱን ቦርሳ ውስጥ ያሳለፈ ሌንስ ይህ ያገኘዋል፤ ማስጠረጉም ውድ ነው።

ሌንስ ገልብጦ የሚያሳስረው ቀለበት 1,200 ብር ነው። በደንብ ያጠጋል፤ ግን የሌንሱ ጀርባ ለበጋው አቧራ ተጋልጦ ይቀራል። አፐርቸሩም እንደ ርካሹ ቲዩብ አይታዘዝም። አልመክረውም።

ከቲዩቡ የተረፈውን ብር ጠንካራ ትራይፖድ ላይ አድርጉት። በ2 ሴኮንድ ታይመር፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ አንሱ። ፎከሱን ስክሪኑ ላይ 10 እጥፍ አጉልታችሁ በእጅ አስተካክሉ። ካሜራው ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ሳንቲሙ ቦታ ላይ ትንሽ መስታወት አስቀምጡ፤ ሌንሱ ራሱን ልክ መሃል ላይ ካየ ቀጥ ብሏል። መስኮት ላይ ነጭ ስስ ጨርቅ ሲጋረድ የቀን ብርሃን ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋም አያስቆማችሁም። የብር ሳንቲሙን ግን ለፎቶ ብላችሁ በሎሚና በአመድ አትፈትጉ። የተፈተገ ብር ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል።

ቲዩብ ልትገዙ ስትሄዱ ካሜራችሁንና ሌንሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ገጥማችሁ ካሜራውን አብሩ። የአፐርቸሩ ቁጥር ቦታ ላይ 00 ከመጣ ኮንታክቱ አይሠራም። ቁጥር ከመጣ ሌንሳችሁ በሚፈቅደው ትንሹ የኤፍ ቁጥርና በኤፍ 16 አንድ አንድ ፎቶ አንስታችሁ አስተያዩ፤ ልዩነት መኖር አለበት። ከዚያ ሌንሱን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት፣ ደጋግማችሁም ፍቱትና ግጠሙት። የሚንቀጫቀጥ ወይም የሚይዝ ከሆነ አትክፈሉ። ሻጩ «ገንዘቡን ሳትከፍሉ የካርቶኑ ቴፕ አይነካም» ካለም ሌላ ሱቅ ሂዱ።