ዲዲሬስኪው፦ ለወደቀም ለተቆለፈም ሃርድ ዲስክ የሚሆን መገልበጫ ፕሮግራም

ጥፋቱ ግማሹ የዲስኩ፣ ግማሹ የእኔ ነው። 1 ቴራባይት የሚይዘው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬ ከጠረጴዛ ወደቀ። ስሰካው ዊንዶውስ ዲስኩን ኢኒሻላይዝ ላድርገው (እንደ አዲስ ዲስክ ላዘጋጀው) ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደንግጬ ስለነበር በደንብ ሳላነብ እሺ አልኩት። ዲስኩ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቬራክሪፕት በሚባል፣ ዳታን በፓስወርድ በሚቆልፍ ፕሮግራም የተቆለፈ ነበር። ከዚያ በኋላ ፓስወርዴን ስጽፍ ተሳስተሃል ይለኝ ጀመር። ጣቶቼን እስክጠራጠር ድረስ ደጋግሜ ጻፍኩ።

ለካ ፓስወርዱ አልተሳሳተም። ቬራክሪፕት ዳታውን የሚፈታበትን ዋና ቁልፍ የሚያስቀምጠው መጀመሪያ ላይ ባለች 512 ባይት ውስጥ ነው። ሄደር ይሏታል። እኔ እሺ ብዬ ያስጻፍኩት ነገር ልክ እሷ ላይ አረፈ።

የጠፋ ፎቶ ፈልገው የሚያወጡ ፕሮግራሞችን ሞከርኩ። አንድም አላገኙም። ከየት ያምጡት? ቁልፉ እስካልተፈታ ድረስ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ዝብርቅርቅ ነው። ፍለጋው ግን የታመመውን ዲስክ ለሰዓታት አለፋው። ዛሬም የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ዲዲሬስኪው ጋ የደረስኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጂኤንዩ ከሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት የወጣ ነጻ ፕሮግራም ነው። ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ አስኬድኩት። ዲስኩ ላይ ምን እንዳለ ለማወቅ አይሞክርም፤ ዲስኩ የተከፈለባቸውን ትንንሽ ቁራጮች፣ ሴክተር በሴክተር ይገለብጣል፣ አለቀ። ለተቆለፈ ዲስክ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። መጀመሪያ እንዳለ ይገለበጣል፣ ቁልፉ የሚፈታው ቅጂው ላይ ነው።

የማይነበብ ቦታ ሲገጥመው እልህ አይገባም። ዘሎ ያልፍና ጤነኛውን ቀድሞ ያወጣል። የዘለለውን በኋላ ተመልሶ ከዳር ከዳር እየቆነጠረ ይጠጋዋል። የደረሰበትን ደግሞ ማፕ በሚሉት ተራ የጽሑፍ ፋይል ይመዘግባል። ከፍቼ አየሁት፤ የዳነው ቦታ መደመሪያ፣ የተበላሸው መቀነሻ፣ ገና ያልተሞከረው የጥያቄ ምልክት አለው። በሁለተኛው ቀን ገመዱን በእግሬ ነቀልኩት። በቃ ሁሉም ገደል ገባ ብዬ ነበር። ያንኑ ትእዛዝ መልሼ ስሰጠው ካቆመበት ቀጠለ።

ጤነኛው ክፍል በ9 ሰዓት ተገለበጠ። ቀሪዋ ቁራጭ 2 ቀን ፈጀች። መጨረሻ ላይ 99.99 በመቶ ወጥቷል አለኝ፤ የቀረው 61 ሜጋባይት ነበር።

ቬራክሪፕት የሄደሩን ሌላ ቅጂ ወደ ዲስኩ መጨረሻ አካባቢ ያኖራል። በእሱ ክፈት የሚለውን አማራጭ ምልክት አድርጌ ፓስወርዴን አንዴ ጻፍኩ። ተከፈተ! ተርጓሚ ነኝ፤ የ11 ዓመት የቃላት መዝገቤ አንድም ሳይጎድል አለ። እያንዳንዱ ሴክተር ለየብቻው ስለሚቆለፍ የተበላሸው ጎረቤቱን ይዞ አልጠፋም። 14 ፎቶዎች ግማሻቸው ግራጫ ሆኗል። አንድ ቪዲዮ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ይቆማል።

ቅሬታም አለኝ። ስክሪን ላይ በማውዝ የሚጫኑት ነገር የለውም፣ ሁሉም ትእዛዝ በመጻፍ ነው። ምንጩንና መድረሻውን ያቀያየረ ሰው ጉዱ ይፈላል። እርግጥ ዲስክ ላይ በቀጥታ ለመጻፍ የማስገደጃ ምልክት ካልጨመሩለት እምቢ ይላል። ችግሩ ሰው ትእዛዙን ከነማስገደጃው ቀድቶ መለጠፉ ነው። ሌላም አለ። ተራ ዲስክ ቢሆን ያልዳኑትን ቦታዎች በአንድ ምልክት ሞልቶ የትኞቹ ፋይሎች እንደተጎዱ መፈለግ ይቻላል። በተቆለፈ ዲስክ ግን ምልክቱ ራሱ ሲፈታ ዝብርቅርቅ ይሆናል። እኔ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ ነው ያየሁት።

ዲስክዎ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ይሄንንም አይሞክሩ፤ ነቅለው ዲስክ የሚከፈትበት ከአቧራ የጸዳ ክፍል ላላቸው ባለሙያዎች ይስጡ። የሚቆልፈው በዩኤስቢ ሰሌዳው ላይ ያለው ቺፕ ከሆነም ሰሌዳውን እንዳይጥሉት፣ ያለ እሱ የሚገለበጠው አይፈታም።

አሁን ሄደሩን በፋይል አውጥቼ ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጫለሁ። የወደቀውን ዲስክ ግን አልጣልኩትም። ማፕ ፋይሉም አለ፤ አንድ ቀን እነዚያን መቀነሻዎች እንደገና አስሞክረዋለሁ።