አሥራ አንድ ወር ከአዲሱ ማርሚታ ጋር

የሞተር ሳይክሌን ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን) ቤቴ ውስጥ ራሴ ከቀየርኩ 11 ወር ሆነኝ። እስካሁን 9,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼበታለሁ። ይህን ጽሑፍ በመጀመሪያው ሳምንት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ምስጋና ብቻ ይሆን ነበር። ያኔ ድምፁ አናቴ ላይ ወጥቶ ስለነበር ጉድለት የሚባል ነገር አይታየኝም።

ሞተሩ 400 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። የገዛሁት ሙሉውን ነው፤ ከቴስታታው፣ ማለትም ከሲሊንደሩ ራስ፣ የሚነሳውን ቱቦ ከነማርሚታው። የኋላውን ግማሽ ብቻ መቀየር ይቻል ነበር። እኔ ግን "ከተነካካ አይቀር" ብዬ ሁሉንም ወሰድኩ። ወደዚህ ውሳኔ እመለስበታለሁ፤ ተጸጽቼበታለሁና።

ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው ይላል። እኔን አምስት ሰዓት ፈጀብኝ። ሦስቱን ሰዓት የበሉት ሁለት ዳዶዎች ናቸው። ቱቦውን ከቴስታታው ጋር የያዙት እነዚህ ዳዶዎች ዕድሜ ልካቸውን ሙቀትና ውሃ ሲፈራረቅባቸው ስለሚኖር ከብሎናቸው ጋር ተጣብቀው አንድ አካል ይሆናሉ። በጉልበት ከታገላችኋቸው ብሎኑ ይሰበራል። ግማሹ አሉሚኒየሙ ውስጥ ከቀረ ደግሞ በስቶ የሚያወጣላችሁ ባለሙያ ፍለጋ ነው። ስለዚህ በዋዜማው ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጨሁባቸው፤ ጠዋትም ደገምኩ። ከዚያ ትንሽ መፍታት፣ ትንሽ መልሶ ማጥበቅ፣ ደግሞ መፍታት። አንደኛው እሺ አለ። ሁለተኛው "ቋ!" ሲል ተሰበረ ብዬ ልቤ ቀጥ አለ። ደግነቱ ዝገቱ ነበር የተላቀቀው።

ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር በ22 ቁልፍ ወጣ። ሽቦው አብሮ እንዳይጠማዘዝ ሶኬቱን አስቀድማችሁ ንቀሉት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በቱቦውና በቴስታታው መሃል የምትገባ የመዳብ ቀለበት አለች፤ ጓርኒሲዮን። ዳዶዎቹ ሲጠብቁ ትጨፈለቃለች። ክፍተቱን የምትደፍነውም በመጨፍለቋ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀች ደግሞ ሁለተኛ አትሆንም። ይህን አላውቅም አልልም። ግን አዲስ ጓርኒሲዮን ካርቶኑ ውስጥ አልነበረችም፤ እኔም እስከ ማታ ድምፁን ካልሰማሁ ሞቼ እገኛለሁ ብያለሁ። አሮጌዋን መልሼ ከተትኳት። ከዕቃው ሁሉ በጣም የረከሰውን ነገር ቆጥቤ ሁለት ወር ሙሉ ከፈልኩበት።

መጀመሪያ የመጣው "ጠቅ ጠቅ ጠቅ" የሚል ድምፅ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ይሰማል፣ ብረቱ ሞቆ ሲለጠጥ ይጠፋል። የቫልቭ ችግር መስሎኝ ቫልቮቹን በከንቱ ከፍቼ ለካሁ። ቀጥሎ ቁልቁለት ላይ ጋዝ ስለቅ "ጧ! ጧ!" ማለት ጀመረ። ማርሚታ የቀየረ ሰው ይህን ፍንዳታ እንደ ጌጥ ነው የሚያየው። እኔም አልዋሽም፣ ኮርቼበት ነበር።

ጉዳዩ አየር ነበር። ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣው በምት በምት ስለሆነ በምቶቹ መሃል ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ የሚልበት ቅጽበት አለ። በዚያች ቅጽበት ቀዳዳ ካገኘ የውጭ አየር ይስባል። ያልተቃጠለ ነዳጅ ያንን አየር ሲያገኝ ቱቦው ውስጥ ይፈነዳል። ሴንሰሩም ይሳሳታል። ትርፍ ኦክስጅን ስላገኘ ነዳጅ አንሷል ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። በአንድ ሊትር 28 ኪሎ ሜትር ይሄድልኝ የነበረው ወደ 25 ወረደ። ሳሙና በውሃ በጥብጬ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ መገጣጠሚያው ላይ ቀባሁትና አስነሳሁት። አረፋው ቡፍ ቡፍ አለ። አዲስ ጓርኒሲዮን አስገባሁ። በዚህኛው ዙር ሁሉንም ብሎን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስያዝኩ፤ ማርሚታው ሳይወጠር ቦታው ላይ መቀመጡን ካየሁ በኋላ ሁለቱን ዳዶዎች እያፈራረቅሁ ሩብ ሩብ ዙር አጠበቅሁ፤ የኋላውን መጨረሻ። ጠቅታውም ጧጧታውም ጠፋ። የነዳጁ ፍጆታም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "ጉልበት ጨመረ?" ብሎ ነው። ኮርቻ ላይ ተቀምጬ የማውቀው ጭማሪ የለም። ድምፁ ግን ያታልላል። በ70 እየሄድኩ 90 የሄድኩ ይመስለኝ ነበር። ጨመረ ከምለው ይልቅ ቀነሰ የምለው ይሻላል፤ አሮጌው ከነቱቦው 6.3 ኪሎ፣ አዲሱ 3.6 ኪሎ ነው፤ ሁለቱንም ሚዛን ላይ አውጥቻቸዋለሁ። ስነዳ ብዙም አልለየውም፤ ሞተሩን በእጅ ስገፋው ግን ይታወቀኛል።

ስለ መግፋት ካነሳን፣ ማርሚታው ጫፍ ላይ በአንዲት ቪቴ የምትያዝ የድምፅ መቀነሻ ቱቦ አለች። ገና በመጀመሪያው ቀን አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት። ሁለት ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ሄልሜት አድርጌም ጆሮዬ ሲጮኽ ያመሽ ነበር። ጎረቤቶቼ ደግሞ ሕፃን ወልደዋል። ምንም አላሉኝም፤ እንደ በፊቱ ሰላም ይሉኛል። አንድ ማለዳ ግን እነሱን ላለመቀስቀስ ሞተሩን ሳላስነሳ እስከ ዋናው መንገድ እንደ ሌባ እየገፋሁት ስወጣ ራሴን ታዘብኩት። በዚያው ሳምንት መቀነሻዋን ከመሳቢያ ፈልጌ መለስኳት። አሁን ያለው ድምፅ ወፈር፣ ረጋ ያለ ነው። እውነቱን ለመናገር ከበፊቱ ይልቅ ይህኛውን ወድጄዋለሁ።

አምስተኛው ወር ላይ ቱቦውንና ማርሚታውን ከሚይዙት ሞላዎች አንዷ ተሰብራ መንገድ ላይ ቀረች። አዲስ ገባ፤ ንዝረት እንዳይበላው ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ቀባሁት። ቀላል ነገር ነው።

ቀላል ያልሆነው በ7,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ የመጣው ነው። ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ማለት ጀመረ፤ የማርሚታው ሆድም ከወትሮው የበለጠ ይግላል። ውስጡ ያለው ቱቦ በብዙ ቀዳዳ የተበሳሳ ሲሆን ዙሪያውን ከመስታወት ክር በተሠራ ጥጥ ተጠቅልሏል። ድምፁን የሚውጠው ያ ጥጥ ነው። ጊዜ ሲያልፍ ይቃጠላል፣ እየበነነ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ሪቬቶቹን በመብሻ አውጥቼ፣ ሆዱን አጽድቼ አዲስ ጠቀለልኩበት። ጓንትና ጭምብል ካላደረጋችሁ አትንኩት፤ እኔ ጓንቴ አጭር ስለነበር እጄን ለሁለት ቀን ስፎክት ከረምኩ። ፋብሪካው የሠራው ማርሚታ ይህን ሥራ ጠይቆኝ አያውቅም። ይህን ስትገዙ የሚነግራችሁ የለም።

መልኩ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቱቦው ቴስታታው አጠገብ መጀመሪያ ወርቅማ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ አሁን ሰማያዊ ሆኗል። ከማስነሳቴ በፊት በአልኮል ሳልወለውለው የቀረች አንዲት የአውራ ጣቴ አሻራ ግን ብረቱ ላይ ተጠብሳ ቀርታለች። ሞተሩ ቢሰረቅ ማስረጃዬ እሷ ናት።

ያ ጸጸቴ ደግሞ እነሆ። የሞተሩ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያለው አሮጌው ቱቦ ውስጥ ነው። ሙሉውን ስቀይር አብሮ ወጣ። ጭሱ አሁን ይሸታል፤ መብራት ላይ ስቆም ጃኬቴ ላይ ይቀራል። መርዛማ የሆኑትን ጋዞች የሚቀንሰው እሱ ነበር፤ በብዙ አገር ያለ እሱ መንገድ ላይ መውጣት ክልክል ነው። የወደድኩት ነገር ሁሉ፣ ድምፁም፣ መልኩም፣ አብዛኛው የክብደት ቅነሳም ከኋላው ግማሽ የመጣ ነው። የፊተኛው ቱቦ የጨመረልኝ ሽታና ሰማያዊ ቀለም ነው።

አሮጌውን ቱቦ አልጣልኩትም። ዘይት ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አኑሬዋለሁ። ይህን ማርሚታ ከሱ ጋር የሚያገናኝ ክፍል ለብቻው እንደሚሸጥ ዘግይቼ ነው የደረስኩበት፤ አሁን አዝዣለሁ። ሲመጣ ቱቦውን ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ጓርኒሲዮን ካሁኑ ሁለት ገዝቻለሁ።